የስኩዴቶ መዝገብ፦ ከጄኖዋ ወደብ እስከ ናፖሊ

በጣሊያን እግር ኳስ ከ1898 እስከ 2025 ድረስ 121 የሻምፒዮንነት ክብሮች ተሰጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ሁሉ ክብር የተካፈሉት 16 ክለቦች ብቻ ናቸው። ጁቬንቱስ 36፣ ኢንተር 20፣ ሚላን 19 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል። የቶሪኖ 7 ሲጨመርበት ከ121ዱ 82ቱ በሁለት ከተሞች፣ በቱሪንና በሚላን፣ ተከማችተዋል። ዋና ከተማዋ ሮም በሁለት ክለቦቿ 5 ጊዜ፣ ናፖሊ 4 ጊዜ፣ የሰርዲኒያ ደሴቷ ካልያሪ ደግሞ አንድ ጊዜ አሸንፈዋል። ከሮም ጀምሮ ወደ ታች ያለው የአገሪቱ ክፍል በጠቅላላው የደረሰው 10 ነው።

መዝገቡን ከላይ ወደ ታች ላነበበው፣ የጣሊያን ሀብት ከየት ወደ የት እንደተጓዘ በግልጽ ያያል። መጀመሪያ የወደብ ነጋዴዎች፣ ቀጥሎ የመኪና ፋብሪካ ባለቤቶች፣ ኋላም የነዳጅና የቴሌቪዥን ባለሀብቶች ዋንጫውን ወደየከተማቸው ወስደውታል። ይሁንና ጣሊያናውያን እስከ ዛሬ እያነሱ የማይጠግቧቸው ዓመታት ሌሎች ናቸው። ዋንጫው ለገንዘብ አልታዘዝም ብሎ አንድ ትንሽ ከተማ ወይም አንድ ደሴት የገባባቸውን ዓመታት በልዩ ፍቅር ያስታውሷቸዋል። ስኩዴቶ የሚባለው ይህ ሻምፒዮንነት ክብሩን ያገኘው ከእነዚያ ዓመታት ጭምር ነው። ለዚህ ምስክሩ ታሪኩ ራሱ ነው።

አንድ ቀን የፈጀው ሻምፒዮና

የጣሊያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን በመጋቢት 1898 በቱሪን ተቋቋመ። የመጀመሪያው ብሔራዊ ሻምፒዮና ደግሞ በዚያው ዓመት ግንቦት 8 ቀን፣ በቱሪን ኡምቤርቶ ቀዳማዊ በተባለው የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ተካሄደ። ተሳታፊዎቹ አራት ቡድኖች ነበሩ፤ ሦስቱ የቱሪን፣ አንዱ የጄኖዋ። ጠዋት ሁለቱ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች፣ ከሰዓት በኋላ ፍጻሜው ተደረገ። ጄኖዋ ኢንተርናሲዮናሌ ቶሪኖን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፎ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሻምፒዮን ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ነገር አለቀ።

በእነዚያው ቀናት ሚላን ውስጥ ወታደሮች በዳቦ መወደድ ምክንያት አደባባይ በወጣው ሕዝብ ላይ መድፍና ጥይት ይተኩሱ ነበር። አገሪቱ በረሃብና በቁጣ ስትናጥ፣ እግር ኳስ ገና የጥቂት የውጭ አገር ሰዎችና የከተማ ወጣቶች መዝናኛ ነበር። ጄኖዋን በ1893 የመሠረቱት በወደቡ የሚነግዱ እንግሊዛውያን ናቸው። ክለቡን ለጣሊያናውያን እንዲከፈት ያደረገው ጄምስ ሪቻርድሰን ስፔንስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ ወደ ከተማዋ የመጣው ከሰል ጭነው የሚመጡ መርከቦችን ባሕረኞች ለማከም ነበር። በሙያው ሐኪም፣ በሜዳ ላይ ደግሞ አምበል ሆኖ ክለቡን ለተከታታይ ድሎች አበቃ።

ጄኖዋ ከ1898 እስከ 1904 ከተደረጉት ሰባት ሻምፒዮናዎች ስድስቱን ወሰደ። በ1901 ብቻ ሚላን ጣልቃ ገባ። ሚላንን በ1899 ከመሠረቱት ዋነኛው ኸርበርት ኪልፒን የኖቲንግሃም ሰው ሲሆን፣ በመጀመሪያው ፍጻሜ ከተሸነፉት የቱሪን ተጫዋቾች አንዱ እሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የራሱን ክለብ ይዞ መጥቶ በ1901ዱ ፍጻሜ ጄኖዋን 3 ለ 0 በማሸነፍ ብድሩን መለሰ።

የቬርቼሊ ልጆች

ፌዴሬሽኑ በ1908 የውጭ ዜጎች በሻምፒዮናው እንዳይሳተፉ ሲወስን፣ በእንግሊዛውያንና በስዊሶች የቆሙት ትልልቆቹ ክለቦች አኩርፈው ወጡ። ሚላን ውስጥም ይኸው የውጭ ተጫዋቾች ጉዳይ ክለቡን ከፈለውና፣ ተቃውመው የወጡት አባላት መጋቢት 9 ቀን 1908 ኢንተርን መሠረቱ። በዚህ ክፍተት መካከል ከሩዝ ማሳዎች መሀል ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ብቅ አለች።

ፕሮ ቬርቼሊ መነሻው የጂምናስቲክ ማኅበር ነው። ተጫዋቾቹ ነጭ ማልያ የሚለብሱ፣ በዚያችው ከተማ ተወልደው ያደጉ ልጆች ነበሩ። ጉልበትና ፍጥነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስ በርስ መተዋወቅ፣ ዋና ሀብታቸው ነበር። በ1908፣ 1909፣ 1911፣ 1912 እና 1913 ሻምፒዮን ሆኑ። በግንቦት 1913 ጣሊያን ከቤልጅየም ጋር ስትጫወት ከ11ዱ ተሰላፊዎች ዘጠኙ የቬርቼሊ ተጫዋቾች ነበሩ።

ከድሎቻቸው መካከል የጎደለችው የ1910ሯ ከድሎቹ እኩል ትታወሳለች። በዚያ ዓመት ፕሮ ቬርቼሊና ኢንተር በነጥብ እኩል ሆነው ጨረሱና መለያ ጨዋታ ተወሰነ። ቀኑ ግን የቬርቼሊ ተጫዋቾች ለወታደራዊ ውድድር ከተጠሩበት ጊዜ ጋር ተጋጨ። ክለቡ ይራዘምልን ብሎ ጠየቀ፤ እንቢ ተባለ። ያን ጊዜ ቬርቼሊ ተቃውሞውን በሜዳ ላይ ገለጸ፤ ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሱ የታዳጊ ቡድኑን ልጆች ማልያ አልብሶ ለፍጻሜው ላከ። ኢንተር 10 ለ 3 አሸንፎ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነቱን አገኘ። ዛሬ ኢንተር ከሚቆጥራቸው 20 ዋንጫዎች የመጀመሪያው ከሕፃናት ጋር በተደረገ ጨዋታ የተገኘ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቬርቼሊ በ1921 እና በ1922 እንደገና አሸነፈ፤ ድምሩም 7 ደረሰ። የ1922ቱ ግን መዝገቡ ላይ ብቻውን አይደለም። ትልልቆቹ ክለቦች በተሳታፊ ብዛት ላይ ከፌዴሬሽኑ ጋር ተጣልተው የራሳቸውን ሻምፒዮና ስላደረጉ፣ በዚያ ዓመት ጣሊያን ሁለት ሻምፒዮኖች ነበሯት፤ በአንዱ በኩል ፕሮ ቬርቼሊ፣ በሌላው ኖቬዜ። የኖቪ ሊጉሬው ኖቬዜ ከዚያ ወዲህ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም።

የቬርቼሊ ዘመን ያበቃው አቅም ያላቸው ከተሞች ተጫዋቾቹን መግዛት ሲጀምሩ ነው። በ1923 የፊያት ፋብሪካ ባለቤቶች ልጅ ኤዶአርዶ አኜሊ የጁቬንቱስ ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት የቬርቼሊ ተከላካይ ቪርጂኒዮ ሮዜታ ወደ ጁቬንቱስ ተሻገረ። እግር ኳስ በይፋ የአማተሮች ጨዋታ ስለነበር ዝውውሩ ትልቅ ውዝግብ አስነሳ፤ ጁቬንቱስም እሱን ባሰለፈባቸው ጨዋታዎች ምክንያት ተቀጣ። ይሁን እንጂ በሩ ተከፍቷል። ሮዜታ ወደ ቱሪን የሄደበትን መንገድ ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ የትናንሽ ከተሞች ልጆች ተከትለውታል።

ጋሻው፣ ተኩሱና የተሰረዘው ዋንጫ

ጄኖዋ በ1924 ዘጠነኛውንና እስከ አሁን የመጨረሻ የሆነውን ሻምፒዮንነት ሲያገኝ አንድ አዲስ ሥርዓት ተጀመረ። ሻምፒዮኑ በቀጣዩ ዓመት የጣሊያንን ሦስት ቀለማት የያዘች ትንሽ ጋሻ ደረቱ ላይ ሰፍቶ እንዲጫወት ተወሰነ። ስኩዴቶ የተባለችው ይህች ጋሻ ናት። ሐሳቡ የገጣሚው ጋብሪዬሌ ዳኑንሲዮ እንደሆነ ይነገራል። ክብሩ ዓይን በሚያየው ምልክት ላይ ሲያርፍ የሚፈልገውም በዛ፤ የሚፈልገው በበዛ ቁጥር ደግሞ ጠቡ ከረረ።

በ1925 ጄኖዋና ቦሎኛ በሰሜኑ ፍጻሜ ተገናኝተው መለያየት አቃታቸው። በሦስተኛው ጨዋታ ጄኖዋ 2 ለ 0 እየመራ ሳለ፣ ዳኛው የማዕዘን ምት ብሎ የወሰነውን ኳስ ጎል ነው የሚሉ የቦሎኛ ደጋፊዎች ሜዳውን ወረሩ፤ ከመካከላቸው ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ፋሺስቶች ነበሩ። ጎሉ ጸደቀ፤ ጨዋታውም 2 ለ 2 አለቀ። ከአራተኛው ጨዋታ በኋላ በቱሪን ፖርታ ኑኦቫ ባቡር ጣቢያ ከቦሎኛ ደጋፊዎች ባቡር በጄኖዋ ደጋፊዎች ላይ ተኩስ ተከፈተ። አምስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ ነሐሴ 9 ቀን በሚላን፣ ተመልካች በሌለበት በዝግ ሜዳ ተካሄደ፤ ቦሎኛም 2 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ የደቡቡን አሸናፊ አልባ ሮማን ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። የጄኖዋ ሰዎች ያን ዓመት እስከ ዛሬ እንደ ተነጠቁት ዋንጫ ያነሱታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡ የመጀመሪያውን ባዶ መስመር አገኘ። የ1927ቱን ሻምፒዮና ያሸነፈው ቶሪኖ ነበር። ነገር ግን የክለቡ ሰው የጁቬንቱሱን ተከላካይ ሉዊጂ አለማንዲን ከደርቢው በፊት በገንዘብ ለመደለል ተስማምቷል የሚል ክስ ቀረበና ዋንጫው ተሰረዘ። ፌዴሬሽኑን ይመራ የነበረው የቦሎኛ ፋሺስቶች አለቃ ሊያንድሮ አርፒናቲ ነው። ሁለተኛ የወጣው ደግሞ ቦሎኛ ነበር። አርፒናቲ ዋንጫውን ለከተማው ክለብ አልሰጠም፤ ዓመቱ ያለ ሻምፒዮን ቀረ። አለማንዲ የዕድሜ ልክ እገዳ ቢጣልበትም ብዙም ሳይቆይ ምሕረት ተደርጎለት፣ በ1934 ከጣሊያን ጋር የዓለም ዋንጫን አነሳ።

ሴሪ ኤ፣ ፋብሪካውና ጦርነቱ

እስከ 1929 ድረስ ሻምፒዮናው በምድብ ተከፋፍሎ በፍጻሜ ጨዋታ የሚዘጋ ነበር። በ1929/30 ግን 18 ክለቦች በአንድ ሊግ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጭ የሚጫወቱበት ሴሪ ኤ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዓመት ያሸነፈው፣ በፋሺስቱ ዘመን አምብሮዚያና የሚል ስም የተሰጠው ኢንተር ነው። ጁሴፔ ሜአሳ 31 ጎል አገባ። አሰልጣኙ አርፓድ ቫይስ የተባለ የሃንጋሪ አይሁዳዊ ሲሆን ገና 34 ዓመቱ ነበር።

ረጅሙን ሊግ ለመቋቋም ሰፊ ስብስብ፣ ሰፊ ስብስብ ለመያዝም ገንዘብ ያስፈልጋል። ጁቬንቱስ ከ1931 እስከ 1935 አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፍ የአኜሊ ቤተሰብ ሀብት ምን እንደሚሠራ ታየ። ክለቡ ከቬርቼሊ ያመጣው ሮዜታ ከግብ ጠባቂው ኮምቢና ከካሊጋሪስ ጋር የማይበገር የኋላ መስመር ሆነ፤ ከአርጀንቲና የጣሊያን ዝርያ ያላቸው ሞንቲ፣ ኦርሲና ቼዛሪኒ ተጨመሩ።

ቀጣዩ ምዕራፍ እኛንም ይነካል። በመስከረም 1935፣ የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ሊወር በሚሰናዳበት ወቅት፣ የሮማ ሦስት አርጀንቲናውያን፣ ጓይታ፣ ስኮፔሊና ስታኛሮ፣ ለዘመቻው እንመለመላለን ብለው ሰግተው ከጣሊያን ሸሹ። ኤንሪኬ ጓይታ ባለፈው ዓመት 28 ጎል ያስቆጠረ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። የፋሺስት ጦር በጥቅምት ወረራውን ሲጀምር ሊጉ ቀጠለ፤ በመንደሮቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ሲዘንብም ሊጉ እየተካሄደ ነበር። ጦሩ አዲስ አበባ በገባበት በግንቦት 1936፣ በእኛ በሚያዝያ 1928፣ ውድድሩ ተጠናቀቀ። ቦሎኛ 40፣ ሮማ 39 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ሮማ ሻምፒዮንነቱን ያጣው በአንድ ነጥብ ነው። ግብ አግቢውን ያሳጣው ደግሞ በእኛ ላይ የተከፈተው ጦርነት ነው።

የቦሎኛ አሰልጣኝ ያው አርፓድ ቫይስ ነበር። በ1937ም ደገመው። ፋሺስቱ መንግሥት በዚያው 1937 በቅኝ ግዛቶቹ በጣሊያናውያንና በአፍሪካውያን መካከል የጋራ ኑሮን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት የዘር ሕጉ ወደ አይሁዶች ዞረ። ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገው ቫይስ ሥራውን አጥቶ ከነቤተሰቡ አገር ለቆ ወጣ፤ በመጨረሻ የሄደው ወደ ሆላንድ ነበር። ናዚዎች እዚያ ደረሱበት። ባለቤቱና ሁለቱ ልጆቹ በ1942፣ እሱ ደግሞ በጥር 1944 በኦሽቪትዝ አለቁ። ስሙ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረስቶ ቆይቶ ነው ኋላ ቦሎኛም ሚላንም መታሰቢያ ያቆሙለት።

ቶሪኖና ሱፐርጋ

እስከ 1941 ድረስ ሻምፒዮንነቱ ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ወጥቶ አያውቅም። በ1942 ሮማ ያንን ሰበረ። በቀጣዩ ዓመት ግን ዋንጫው ወደ ቱሪን ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ጁቬንቱስ ሳይሆን ወደ ቶሪኖ። ጦርነቱ ሊጉን ሲያቋርጠው በ1944 በሰሜኑ ብቻ በተደረገ ውድድር የላ ስፔዚያ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቡድን ቶሪኖን 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር። ፌዴሬሽኑ ለዚያ ቡድን የክብር እውቅና የሰጠው በ2002 ሲሆን በሻምፒዮኖች ቁጥር ውስጥ ግን አልገባም።

በፕሬዚዳንቱ ፌሩቾ ኖቮ የሚመራው ቶሪኖ በ1943፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በ1946፣ 1947 እና 1948 ሻምፒዮን ሆነ። በግንቦት 1947 ብሔራዊ ቡድኑ ሃንጋሪን ሲገጥም ከ11ዱ አሥሩ የቶሪኖ ተጫዋቾች ነበሩ። አምበሉ ቫለንቲኖ ማዞላ እጅጌውን ሲሰበስብ ተመልካቹ ቡድኑ ሊያጠቃ መነሳቱን ያውቅ ነበር።

ግንቦት 4 ቀን 1949 ቡድኑ ከቤንፊካ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አድርጎ ከሊዝበን ሲመለስ፣ አውሮፕላኑ በጭጋግ ውስጥ ቱሪንን ቁልቁል ከሚያየው የሱፐርጋ ባዚሊካ ጋር ተጋጨ። 18 ተጫዋቾችን ጨምሮ 31 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈ የለም። አስከሬኖቹን የለየው የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ቪቶሪዮ ፖዞ ነው።

አራት ጨዋታዎች ይቀሩ ነበር፤ ቶሪኖም ኢንተርን በአራት ነጥብ ይመራ ነበር። ክለቡ የወጣት ቡድኑን ወደ ሜዳ ላከ። ተጋጣሚዎቹ ጄኖዋ፣ ፓሌርሞ፣ ሳምፕዶሪያና ፊዮረንቲናም አንድ በአንድ የየራሳቸውን ወጣቶች አሰለፉ። የቶሪኖ ልጆች አራቱንም አሸነፉ። ቬርቼሊ በ1910 ልጆችን ያሰለፈው በቁጣ ነበር፤ በ1949 የአገሪቱ ክለቦች ተመሳሳይ ነገር ያደረጉት ለሐዘንተኛው አክብሮት ለመስጠት ነው። በ39 ዓመት ውስጥ ሻምፒዮናው ከክለቦች ፉክክር አልፎ የአንድ ሕዝብ የጋራ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ቶሪኖ ከዚያ በኋላ ሻምፒዮን ለመሆን እስከ 1976 ድረስ 27 ዓመት ጠብቋል።

ኮከቡ

የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ዋንጫዎች በአብዛኛው በሦስቱ ታላላቆች እጅ ነበሩ። ሚላን በሦስቱ ስዊድናውያን፣ በግሬን፣ ኖርዳልና ሊድሆልም፣ ተነሳ። ጁቬንቱስ በ1958 አሥረኛውን ሲያሸንፍ፣ በኡምቤርቶ አኜሊ ሐሳብ አቅራቢነት ለእያንዳንዱ አሥር ሻምፒዮንነት አንድ የወርቅ ኮከብ በማልያ ላይ ማድረግ ተፈቀደ። ኢንተር ኮከቡን በ1966፣ ሚላን በ1979 አገኙ። የኢንተር ኮከብ የነዳጅ ነጋዴው አንጄሎ ሞራቲና የአሰልጣኙ ኤሌኒዮ ኤሬራ ዘመን ፍሬ ነው።

በዚያ ኃይለኛ ኢንተር ላይ ቦሎኛ በ1964 የተቀዳጀው ድል በሴሪ ኤ ታሪክ ብቸኛው የሻምፒዮንነት መለያ ጨዋታ ውጤት ነው። ሁለቱ በነጥብ እኩል ጨርሰው ሰኔ 7 ቀን በሮም ሲገናኙ ቦሎኛ 2 ለ 0 አሸነፈ። ክለቡን ለ30 ዓመት የመራው ሬናቶ ዳላራ ግን ያንን አላየም፤ ከጨዋታው አራት ቀን በፊት በሊጉ ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ላይ ሳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። የቦሎኛ ስታዲየም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ደሴቲቱ፣ ቬሮናና ናፖሊ

ጣሊያን በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በሰሜን ኮሪያ ተሸንፋ ስትወጣ፣ ፌዴሬሽኑ ከውጭ አዲስ ተጫዋች ማስመጣትን ከለከለ፤ እገዳው እስከ 1980 ቆየ። ሀብታሞቹ ከውጭ መግዛት ሲያቅታቸው የሜዳው ከፍታ ትንሽ ተስተካከለ። ፊዮረንቲና በ1969፣ ካልያሪ በ1970፣ ላዚዮ በ1974፣ ቶሪኖ በ1976 የገቡት በዚያ ክፍተት ነው።

የካልያሪው ድል ጂጂ ሪቫ በአንድ ውሳኔው የጻፈው ነው ማለት ይቻላል። ሪቫ የተወለደው በሎምባርዲያ፣ በማጆሬ ሐይቅ ዳር ነው፤ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቷል። ወደ ሰርዲኒያ ሲሄድ ደሴቲቱ ከዋናው ምድር ለሚመጣ ሰው የቅጣት ቦታ ያህል ትቆጠር ነበር። ግን ለመደ፤ ከዚያም ወደደ። ጁቬንቱስ ደጋግሞ ሲጠይቀው አልሄድም አለ። በ1969/70 በማንሊዮ ስኮፒኞ አሰልጣኝነት ካልያሪ በ30 ጨዋታ 11 ጎል ብቻ ተቆጥሮበት፣ ሪቫ 21 አግብቶ፣ ሚያዝያ 12 ቀን ባሪን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። ሪቫ በጥር 2024 እስኪሞት ድረስ የኖረው እዚያው ካልያሪ ነው።

የቬሮናው 1985 ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል፤ ምክንያቱም የውጭ በር ተከፍቶ፣ ዓለም ሁሉ ጣሊያን የገባበት ዓመት ነው። ማራዶና ናፖሊ፣ ፕላቲኒ ጁቬንቱስ፣ ሩሜኒገ ኢንተር፣ ዚኮ ኡዲኔዜ፣ ሶቅራጥስ ፊዮረንቲና ነበሩ። የኦዝቫልዶ ባኞሊ ቬሮና ዴንማርካዊውን ኤልኬርና ጀርመናዊውን ብሪገልን ብቻ አመጣ። ኤልኬር በጥቅምት ወር ጁቬንቱስን ሲገጥም ጫማው ከእግሩ ወልቆበት ሳይቆም ቀጥሎ አገባ። ባኞሊ ከሚላን የሠራተኞች ሰፈር የወጣ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ቡድኑ በሙሉ ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሸንፎ በ43 ነጥብ፣ ከሁለተኛው ቶሪኖ በአራት በልጦ ጨረሰ።

በዚያ ዓመት ብቻ የጨዋታ ዳኞች ሙሉ በሙሉ በዕጣ ይመደቡ ነበር። ቬሮናን ሻምፒዮን ያደረገው ዕጣው ነው ማለት የባኞሊን ሥራ ማሳነስ ይሆናል። ሆኖም ዳኛን ማንም በማይመርጥበት አንድ ዓመት ከታላላቆቹ ውጭ ያለ ክለብ ማሸነፉን ጣሊያናውያን ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2006 የዳኛ ምደባ ቅሌት ሲፈነዳ፣ እያስታወሱ ተነጋግረውበታል።

ናፖሊ በ1926 ከተመሠረተ ጀምሮ 61 ዓመት ጠብቆ፣ ግንቦት 10 ቀን 1987 ከፊዮረንቲና ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ ሻምፒዮን ሆነ። ማራዶና በ1984 ሲመጣ የተቀበለው ሕዝብ በሰሜኑ ስታዲየሞች በዘረኛ ስድብ የሚዋረድ ሕዝብ ነበር። ያ ዋንጫ ለከተማዋ የተሰጠ የእኩልነት ማረጋገጫ ሆኖ ተቆጠረ፤ በ1990 ተደገመ። በ1991 ደግሞ የቪያሊና የማንቺኒ ሳምፕዶሪያ ተራውን ወሰደ።

የ2006 ውርደት

ከሳምፕዶሪያ በኋላ የቴሌቪዥን ባለሀብቱ የቤርሉስኮኒ ሚላንና ጁቬንቱስ ዋንጫውን ተቀባበሉት። ሚላን በ1991/92 በ34 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። በ2000 ጁቬንቱስ በፔሩጃ ዶፍ ዝናብ ጨዋታውን ከአንድ ሰዓት በላይ ካቋረጠው በኋላ 1 ለ 0 ተሸንፎ ዋንጫውን ለላዚዮ አስረከበ፤ በቀጣዩ ዓመት ሮማ አሸነፈ።

በግንቦት 2006 ግን ጋዜጦች የተጠለፉ የስልክ ንግግሮችን ማተም ጀመሩ። የጁቬንቱስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሉቻኖ ሞጂ ዳኞችን ከሚመድቡት ኃላፊዎች ጋር ስለ ዳኛ ምደባ ሲነጋገር ተሰማ። ጁቬንቱስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሴሪ ቢ ወረደ። የ2005 ዋንጫው ተሰርዞ ለማንም አልተሰጠም፤ ይህ የመዝገቡ ሁለተኛ ባዶ መስመር ነው። የ2006ቱ ደግሞ በሜዳ ላይ ሦስተኛ ለወጣው ለኢንተር ተሰጠ። በ2011 የፌዴሬሽኑ ዐቃቤ ሕግ ኢንተርም መጠየቅ ይገባው ነበር የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ጉዳዩ ግን በይርጋ ታግዶ ነበር፤ ፌዴሬሽኑም ዋንጫውን የመንጠቅ ሥልጣን የለኝም አለ። ጁቬንቱስ በስታዲየሙ እስከ ዛሬ የሚጽፈው ከይፋዊው 36 ይልቅ 38 ነው።

የ2006 ቁስል የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። ዋንጫ በነጥብ ይገኛል፤ ዋጋ የሚኖረው ግን ተሸናፊው ሲያምንበት ነው። የተሸናፊው እምነት ሲጠፋ፣ አንዱ 38 ሲል ሌላው 36 ይላል፤ መዝገቡም መዝገብ መሆኑ ያበቃል።

አሥራ ሰባተኛው ስም

ጁቬንቱስ ከሴሪ ቢ ተመልሶ፣ የራሱን ስታዲየም ሠርቶ፣ ከ2012 እስከ 2020 ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ ይህን ያህል በተከታታይ ያሸነፈ ሌላ ክለብ በጣሊያን የለም። ግብ ጠባቂው ቡፎንም አሥር የሊግ ዋንጫ በማንሳት ከተጫዋቾች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ ማቆየት አልቻለም፤ ኢንተር በ2021፣ ሚላን በ2022፣ ናፖሊ በ2023፣ ኢንተር በ2024፣ ናፖሊ በ2025። ኢንተር 20ኛውን፣ ሁለተኛ ኮከቡን ያስገኘለትን፣ በሚያዝያ 2024 ያረጋገጠው ሚላንን በደርቢ አሸንፎ ነው። ናፖሊ በ2025 ኢንተርን የበለጠው በአንድ ነጥብ፣ 82 ለ 81 ነው።

ፉክክሩ ተመልሷል፤ የሚጎድለው አዲስ ስም ነው። ከ1991ዱ ሳምፕዶሪያ ወዲህ ሻምፒዮን የሆኑት ጁቬንቱስ፣ ሚላን፣ ኢንተር፣ ላዚዮ፣ ሮማና ናፖሊ ብቻ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈ ክለብ የለም። የቴሌቪዥን መብት በእያንዳንዱ ክለብ በተናጠል በሚሸጥበት ዘመን የሀብት ልዩነቱ ሰፋ፤ ከ2010/11 ጀምሮ ሽያጩ የጋራ ቢሆንም የአከፋፈል ቀመሩ አሁንም ብዙ ደጋፊ ላለው ያደላል። የቻምፒየንስ ሊግ ገንዘብም የሚገባው በየዓመቱ እዚያው ለሚሳተፉት ነው። የቤርጋሞው አታላንታ በ2024 የዩሮፓ ሊግን ቢያነሳም ስኩዴቶን ገና አላገኘም።

እኔ ይህን መዝገብ ሳነብ ለጁቬንቱስ 36 ተገቢ አክብሮት አለኝ፤ ለዓመታት ማሸነፍ ቀላል አይደለም። ግን ሠላሳ ስድስቱ ክብደት የሚኖራቸው ከጎናቸው የቬርቼሊ ሰባት፣ የካልያሪ አንድ፣ የቬሮና አንድ ስላለ ነው። ማንም ሊያሸንፍ እንደሚችል የሚያሳምኑት እነሱ ናቸው፤ ያ እምነት ከሌለ የታላላቆቹ ድል ግብር እንደመሰብሰብ ይሆናል። ስለዚህ የጣሊያን እግር ኳስ አስተዳዳሪዎች ከሻምፒዮኑ ገቢና ከሊጉ የውጭ ሽያጭ በፊት ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ፣ 17ኛው ስም እንዲጻፍ መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለው ነው። ዳኛው የታመነ፣ የገቢው ክፍፍል ፍትሐዊ፣ ልጆቹም በየከተማቸው የሚያድጉበት ሊግ ያንን ስም ማውጣቱ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ ከጄኖዋ እስከ ናፖሊ ያሉት አሥራ ስድስቱም ክለቦች የያዙት ዋንጫ ዋጋው ከፍ ይላል።